የእትዬ ዘይነባን ምርቃት ስለ ማስመለስ

ይድረስ፦ በመርሳና በአካባቢዋ ላለነው ሁሉ ብርሃን በማደል ለሚደክመው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም አንገትዎ እንደምን ከርሟል? አንገትዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሰፈራችን ቀና ብለው እንዲያዩልን የምንለምንዎ አንድ ነገር ካለ ዓመት ሊሞላው ነውና፣ እስካሁን ሳያዩት የቀሩት አንገትዎን ቢያምዎት ይሆናል ብለን ተጨንቀናል። እኛ በበኩላችን አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጨለማውን ስለ ለመድነው መብራት ሲጠፋ አንደነግጥም፤ የምንደነግጠው ድንገት ሲመጣ ነው።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁት ለድካምዎ አስቤ ነው። ከዚህ ቀደም በፖስታ አሽገን የላክናቸው አቤቱታዎች እንደ ታሸጉ ተደርድረው መቀመጣቸውን በቢሮዎ መስኮት አሻግሬ ስላየሁ፣ ይኸኛውን ለመክፈት እንኳ እንዳይቸገሩ ብዬ ክፍቱን ሰድጄዋለሁ። አንዱን ቅጂ በመካኒኩ በስዩም ጋራዥ በር ላይ፣ ሌላውን ወደ ወልድያ የሚሄዱ ሚኒባሶች ከሚቆሙበት ሱቅ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፤ መንገደኛ ሁሉ መኪናው እስኪሞላ ድረስ ያነበዋል። የእርስዎንና የመሥሪያ ቤትዎን ስም ግን አልጻፍሁም። በጨለማ የተቀመጠ ሰው ማን እንዳስቀመጠው ያውቃልና ስም መጥራቱ ትርፍ መስሎ ታይቶኛል።

እኔ ሲራጅ እባላለሁ። ማንጎና ብርቱካን ስሸጥ የኖርሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁትም፣ ቆጥሬም ማንበብ የለመድሁት ዕቃ ከምጠቀልልበት ጋዜጣ ላይ ስለ ሆነ የማውቀው ነገር ሁሉ ጫፉ የተቀደደ ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጎደሎ ነገር ቢያገኙ የቀረው ቁራጭ በሌላ ሰው ብርቱካን ላይ ሄዷል ብለው ይለፉኝ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ባል የሞተባቸው፣ በመንገድ ዳር እሸት በቆሎ ጠብሰው የሚያድሩ ሴት ናቸው። አንዲት ልጃቸው ናጅዋ ግራና በምትባለው ከተማ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ፀንሳለች። ክቡርነትዎም እንደሚያውቁት፣ በእኛ ደንብ ሴት ልጅ የበኩሯን የምትወልደው ወደ እናቷ ቤት መጥታ ነው፤ ገንፎውን የምታገነፋላት፣ ወገቧን የምታሽላት፣ ስታለቅስ የምትቆጣት እናቷ ናት። እትዬ ዘይነባም ለአራሷ ብለው አንዲቱን ክፍል ጠርገው፣ ግድግዳዋን መርገው፣ ቅቤውን አንጥረው ካስቀመጡ ቆይተዋል። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ጎርፍ የመብራት ፖላችሁን ሥር ቦርብሮት ፖሉ ወደዚያችው ክፍል ጣሪያ አዘንብሏል። ሽቦው ከቆርቆሮው በላይ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ቀርቶት ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ ሲነሣ ፖሉ እንደ ታመመ ሽማግሌ ይቃትታል። አሁን ደግሞ ሌላው ክረምት ደርሷል፤ ናጅዋም ወሯ ገብቷል። የአራስ አልጋው የተዘረጋው በፖሉ ሥር ነው። እኛ የምንለምነው ይህንኑ አንድ ነገር ነው፤ ልጅቷ ሳትመጣ ፖሉን አቁሙልን።

መሥሪያ ቤትዎ ነገር በቁጥር ተለይቶ ሲቀርብለት ደስ እንደሚለው ስለ ሰማሁ ቅሬታዬን በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ሰው ልካችሁ ስላሳያችሁን አመሰግናለሁ። እትዬ ዘይነባ ደጋግመው ካመለከቱ በኋላ ሁለት ባለሙያዎች በመኪና መጡ። አንደኛው ፖሉን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው፣ ሁለተኛው በስልኩ ፎቶ አነሣው፤ ከዚያም ሁለቱም ፀሐይ በረታባቸውና ጥላ ፈለጉ። እትዬ ዘይነባ ሰሌን አንጥፈው፣ እርጎ ቀድተው፣ ማንጎ ቆርጠው አስተናገዷቸው። ሲነሡም እንደ ወጉ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ፣ እናታችሁ ትያችሁ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውራችሁ፣ ያገር ምሶሶ ያድርጋችሁ» ብለው መረቋቸው። አንዱ «አሚን» አለ፣ ሌላው «አሜን» አለ፤ መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ። ያገር ምሶሶ ሆነው መሄዳቸውን አልጠራጠርም፤ የሰፈራችንን ምሶሶ ግን እንዳዘነበለ ትተውልን ነው።

ሁለተኛ። ሥራችንን የራሳችሁ አድርጋችሁ ስለ ተቀበላችሁልን ውለታችሁ አለብኝ። የናንተን መምጣት ጠብቀን ጠብቀን ተስፋ ስንቆርጥ፣ መካኒኩ ስዩም ከደብረ ገነት ሲመለስ ያየውን አንድ ግንደ ወፍራም ባላ በጋሪ አስመጥቶ፣ በአይሱዙ ክሪክ ቀና አድርጎ፣ እኛም ቢስሚላህ እያልን ልባችን በአፋችን ሊወጣ ደርሶ ፖሉን ደገፍነው። መንካት እንደማይገባን እናውቅ ነበር፤ ነገር ግን የሚነካው አጥተን የከረምን ሰዎች ነን። ብዙም ሳይቆይ በቀበሌው ስብሰባ ላይ የመሥሪያ ቤትዎ ተወካይ ተነሥተው፣ «በማኅበረሰብ ተሳትፎ ጊዜያዊ የማጠናከሪያ ሥራ ተሠርቷል» ብለው አነበቡና ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨብጭቤያለሁ። የምለምነው ባላውን በቋሚ ሠራተኛነት እንድትቀጥሩልኝ ብቻ ነው፤ ከመሥሪያ ቤትዎ ሠራተኞች ሁሉ ቀንና ሌሊት ከሥራ ገበታው ሳይነሣ የቆመ እሱ ብቻ ነውና፣ ዓመት ዕረፍቱም ይታሰብለት።

ሦስተኛ። ስለ መብታችን ልታስተምሩን መምጣታችሁን በምን ቃል እንደማመሰግን አላውቅም። «ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች የመብራት ተጠቃሚነት መብታቸውን በሚገባ እንዲገነዘቡ ለማስቻል የተዘጋጀ የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» የሚል ባነር በአዳራሹ ተሰቅሎ አየን። ባነሩ ከግድግዳው ስለ ረዘመ ጥጉ ላይ ታጥፏል፤ የታጠፈውም «መብታቸውን» የሚለው ቃል ላይ ነው። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ «ዝቅተኛ ገቢ ያላችሁ ወደ ኋላ፣ ዝቅተኛ ገቢ ያላችሁ ወደ ኋላ!» እያለ በሥርዓት አስቀመጠን። የፊት ወንበሮቹ ለተጋበዙት እንግዶች የተተዉ ነበሩ፤ የታሸገ ውኃም ቀርቦላቸዋል። እኛ ቤት ውኃ ባይጠፋም አይተነው ተደነቅን።

ከወልድያ የመጣችው ወይዘሪት ፌቨን መልካም ልጅ ናት፤ በእሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። የመብታችንን ዓይነት በግድግዳው ላይ በብርሃን እያሳየች አንድ ባንድ አስረዳችን። «ተጠቃሚው መብራት ከመቋረጡ አስቀድሞ ማስታወቂያ የማግኘት መብት አለው» የሚለው ጋ ስትደርስ መብራቱ ጥፍት አለ። ከኋላ በኩል አንድ ሽማግሌ «ማስታወቂያው ደርሶናል፣ ልጄ፣ አብሽሪ፣ ቀጥይ!» አሏት። እሷም ሳትሰናከል በስልኳ መብራት ቀጠለች፤ ከአደጋ የተጠበቀ አገልግሎት የማግኘት መብት፣ ላቀረብነው አቤቱታ መልስ የማግኘት መብት፣ በመሥሪያ ቤቱ ጥፋት ለደረሰብን ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት። አንዱን መብት በሰማን ቁጥር «ማሻአላህ» እንላለን። ይህን ያህል ንብረት እያለን በድህነት መኖራችን አሳፈረን።

ጥያቄ ካላችሁ ሲባል እትዬ ዘይነባ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አላውቅም፤ ከቆጠርሽልን መብቶች ውስጥ ፖል ከጣሪያዬ ላይ የሚያነሣው የትኛው ነው? እሱን አንዱን ስጪኝና ሌላውን ለጎረቤት አካፍዪው» አሏት። ፌቨን በስልኳ መብራት ወረቀቶቿን ማገላበጥ ጀመረች። ከፊት ወንበር የነበሩት የቡድኑ መሪ ግን ፈጥነው ተነሡና፣ «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» አሉ። ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ዘይነባ ግብዓት ምን ማለት እንደ ሆነ ጠየቁኝ። እንደ ጨውና እንደ በርበሬ ወጥ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ጥቂት አስበው «እህ! ታዲያ ይኼ ወጥ መቼ ነው የሚወጣው?» አሉኝ። ጥያቄውን ለክቡርነትዎ አስተላልፌያለሁ። መርሐ ግብሩ ሲዘጋ መራቂ ተፈልጎ፣ እንደ ልማዳቸው የመረቁትም እሳቸው ናቸው።

አራተኛ። ከበራሪ ወረቀታችሁ ላይ «ቅሬታዎን አጠር አድርገው ያቅርቡ» የሚል ስላነበብሁ አራተኛውን ትቼዋለሁ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነበር።

አምስተኛ። በዚያው ወረቀት ሽፋን ላይ በቀይ ቀለም «ዝም አይበሉ፣ ይጠይቁ!» ተብሎ ታትሟል። ከቃሉ በላይ፣ በአምፖል ሥር ተሰብስበው የሚስቁ አባት፣ እናትና ልጆች ሥዕል አለ፤ የትኛው አገር ሰዎች እንደ ሆኑ ባላውቅም ፖላቸው ቀጥ ያለ መሆኑ ከፊታቸው ያስታውቃል። ታዛዥ ሰው ነኝና ልጠይቅ ብዬ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሲሪንቃን አልፌ፣ ወልድያ ቢሮዎ ድረስ ሄድሁ። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው መጀመሪያ የጠየቀኝ የእትዬ ዘይነባን ቆጣሪ ነው። የራሳቸው ቆጣሪ እንደሌላቸው፣ እንደ ሰፈሩ እኩሌታ ከጎረቤት መስመር ስበው እንደሚጠቀሙ ነገርሁት። እሱም በትዕግሥት፣ ቆጣሪ የሌለው ሰው ደንበኛ እንዳልሆነ፣ ደንበኛ ያልሆነ ሰውም ቅሬታ ማቅረብ እንደማይችል አስረዳኝ።

ክቡርነትዎ፣ ነገሩን መንገዱን ሙሉ ሳስበው ነበር። ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ቆጣሪ ማስገባት ስላልቻለ ከጎረቤት ይስባል። ከጎረቤት ስለሚስብ ደንበኛ አይደለም። ደንበኛ ስላልሆነ መብት የለውም። እንግዲህ ያን ሁሉ ባነር ሰቅላችሁ፣ ያችን መልካም ልጅ ከወልድያ አምጥታችሁ ያስተማራችሁን የማንን መብት ነው? ርቦት ለተቀመጠ ሰው የሌላውን ድግስ ሽታ ማስገንዘብ ግንዛቤ ማስጨበጥ ከተባለ፣ በሚገባ ጨብጠናል። ለመስኮቱ ሰውም፣ ፖሉ ሲወድቅ ደንበኛ በሆነ ሰው ላይ ብቻ እንዲወድቅ መመሪያ ይጻፍለት ዘንድ በትሕትና ለመንሁት። ፖሉ እስካሁን ደንበኛ መለየት አልተማረም።

መስመሩን የሰጡት ጎረቤት ደንበኛ መሆናቸውንና በእሳቸው ስም ማቅረብ እንደምችል ስነግረው ደግሞ አቀርቅሮ ኮምፒውተሩን አየና ሳቅ አለ። «አጎቴ፣ ይኼ እኮ ተዘግቷል» አለኝ። ማን ዘጋው ብዬ ብጠይቀው፣ «እናንተው ናችኋ! ባለሙያዎቹ ሲመለሱ ሴትየዋ እጃቸውን ዘርግተው መርቀው ሸኙን ብለዋል፤ በሥልጠናውም መጨረሻ መርቀዋል፤ ቅር ያለው ሰው ይመርቃል እንዴ? አብሽር፣ ጉዳዩ የተዘጋው በተጠቃሚ እርካታ ነው» አለኝ።

ክቡርነትዎ፣ እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ጽፌያለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እየሳቅሁ መጻፍ አልቻልሁም፤ አንገሽግሾኛል።

ይህ ወሎ ነው። እዚህ ሰው ከደጅ ሲነሣ ሳይመረቅ አይሄድም። እንግዳው ይመረቃል፣ መንገደኛው ይመረቃል፣ ዕቃ ሸጦ ያታለለ ነጋዴ እንኳ «ልብ ይስጥህ» ተብሎ ይመረቃል። ሙስሊሙ ሲመርቅ ክርስቲያኑ «አሜን» ይላል፣ ክርስቲያኑ ሲመርቅ ሙስሊሙ «አሚን» ይላል፤ ማን ለማን እንደ መረቀ የሚቆጥር የለም። ምርቃት ደረሰኝ አይደለም። ምርቃት የሥራ ርክክብ አይደለም። እትዬ ዘይነባ እነዚያን ልጆች የመረቋቸው ሥራቸውን አይተው ሳይሆን፣ የሆነ ቦታ ማታ ልጇ እስኪገባ በር በር የምታይ እናት እንዳላቸው አስበው ነው። እናንተ ግን የዚያችን እናት ዱዓ ወስዳችሁ በራሷ በር ላይ ቁልፍ አደረጋችሁት። በገበያ ስኖር ኪስ የሚያወልቅ አይቻለሁ፣ ሚዛን የሚሰርቅ አይቻለሁ፣ ከመስጊድ ደጅ ጫማ የሚያነሣ አይቻለሁ። ምርቃት ሰርቆ የሚሄድ ግን ከእናንተ በፊት አላየሁም፤ ሰምቼም አላውቅ። ይህን የመሰለውን ነገር «እርካታ» ብሎ የሰየመው ሰው ማታ እራቱን በልቶ ተኝቷል።

ስለዚህ እኔም በአቅሜ የራሴን ግንዛቤ ማስጨበጫ ከፍቻለሁ። ባነር የለውም። የምንሰበሰበው በስዩም ጋራዥ ውስጥ፣ ባረጀ ጎማ ላይ ተቀምጠን ነው፤ ወደ ኋላ የሚባልም ሰው የለም። ያስተማርሁት ጥቂት ነው። ሊወድቅ የደረሰ ፖል ቆጣሪ ያለውም የሌለውም፣ በሥሩ የሚያልፈውም ሁሉ ጉዳዩ እንደ ሆነ። ሊያይ የመጣውን ሰው «እንኳን ደህና መጣህ» ካሉ በኋላ ስሙን መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ። «እናያለን» ሲል መቼ እንደሚያይ በጽሑፍ እንዲተው መለመን እንደሚቻል። በመጨረሻም ከሁሉ የከበደውን፦ ፖል ሳይቆም ምርቃት የለም።

ሌላውን ሁሉ ሰፈሩ ቶሎ ያዘው፤ ይህችን የመጨረሻዋን ግን ማንም ሊይዛት አልቻለም። ልምምድ አደረግን። ስዩም የሞተር ሳይክል ሄልሜት አጥልቆ ባለሙያ ሆነ፤ ፖሉን በጫማው ነካ ነካ አድርጎ «እናያለን» ብሎ ተነሣ። እትዬ ዘይነባ የሻሻቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው ተቀመጡ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ስዩም የጋራዡን በር ሳያልፍ ግን «ኧረ እንዲያው እንደ ከብት ዝም ብዬ ልሸኘው? አንተ ልጅ፣ ቤትህ አይፍረስ፣ ወልደህ ሳም!» ብለው ፈነዱ። ደገምነው፤ ደገሙት። በመጨረሻ ስዩም ሄልሜቱን አውልቆ እጃቸው ላይ ቢያስቀምጠው ሄልሜቱንም መረቁት። ስዩም ጎማ ላይ ወድቆ ሳቀ፤ እሳቸውም «ምን ላርግ፣ አፌ ነው!» እያሉ ሳቁ። በእርካታ የተዘጋችው ሴት እንግዲህ ይህች ናት።

ሽማግሌዎቻችን ምርቃት ከአፍ ከወጣ አይመለስም ይላሉ፤ ስለዚህ መልሱልን ማለቱ ከወግ ውጭ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ከወግ ውጭ መጀመሪያ የወጣነው እኛ አይደለንም። ሁለቱንም ምርቃት፣ የሰሌኑንም የአዳራሹንም፣ ከመዝገባችሁ አውጥታችሁ እንድትመልሱልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። መመለስ ካልሆነላችሁ እንደ ቀብድ ይያዝና ፖሉን አቁሙት፤ በቆመ ማግሥት ሰፈሩ በሙሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ እስከ ልጅ ልጆቻችሁ የሚተርፍ ምርቃት ይመርቃችኋል፤ ያን ጊዜ ዝጉት። ናጅዋ ግራና ላይ ጨርቋን አሥራ ተቀምጣለች። በየቀኑ ስልክ እየደወለች «እማዬ፣ ፖሉ ቆመ?» ትላለች። እናቷም «ዛሬ ነገ እያሉ ነው፣ ልጄ፣ አብሽሪ» ይላሉ። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ቀና ብለው ጣሪያውን ያያሉ። የእሳቸው አንገት ደህና ነው።

በመጨረሻም፣ ላስተማራችሁን መብት፣ ለበላችሁልን ማንጎ፣ ለወሰዳችሁልን ግብዓትና ለሸለማችሁን እርካታ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ለክቡርነትዎና ለባልደረቦችዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ፖላችሁ ነው፤ እስካሁን አልወደቀም፣ የቆመው ግን በባላ ነው። በዚህ ቦታ ላይ ጸሐፊ እንደ ደንቡ ለተቀባዩ ረጅም ዕድሜና ጤና ይመርቅ ነበር። እኔ ግን ደብዳቤዬን በእርካታ እንዳትዘጉብኝ ስለምፈራ ምርቃቱን አፌ ውስጥ አስቀርቼዋለሁ።

ሲራጅ
የሰፈሩ ሁሉ አጎት፣ የማንም ደንበኛ ያልሆነ
መርሳ

ድኅረ ደብዳቤ፦ ቅጂውን ጋራዡ በር ላይ ለጥፌ ሙጫው ሳይደርቅ ባለሙያዎችዎ መጡ፤ ስለዚህ ይህን ከግርጌ በእጄ እጨምራለሁ። ስለ ፍጥነታችሁ አመሰግናለሁ። መሰላልም መዶሻም ይዘው ስለ ነበር ሰፈሩ ሁሉ ወጣ፤ እትዬ ዘይነባም ስልካቸውን አንሥተው «ናጅዬ፣ መጡ!» አሉ። አንደኛው መሰላሉን በእኛው ባላ ላይ አስደግፎ ወጣና፣ የራስ ቅል የተሣለበት ቀይ ቆርቆሮ በእትዬ ዘይነባ በር አንጻር ፖሉ ላይ ቸንክሮ ወረደ። ምን ይላል ብለው ጠየቁኝ። «ለሕይወት አደገኛ ነው፣ አይጠጉ» ይላል ብዬ አነበብሁላቸው። «ማንን ነው የሚለው?» አሉኝ፤ «ፖሉን ነው ወይስ እኔን?»

ልጆቹ መሰላሉን ጭነው ሲያበቁ፣ እንደ ወጉ ምርቃት ሊቀበሉ ከበሩ ላይ ራሳቸውን ዝቅ፣ መዳፋቸውን ከፈት አድርገው ቆሙ። እትዬ ዘይነባ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲወጡ ለአራሷ ያስቀመጡትን የቅቤ ቅል በነጠላ ቋጥረው ይዘዋል። በሩን ቆለፉ። እናት በልጇ ወሊድ በአማቶች ቤት እንግዳ ሆና መቀመጥ በእኛ ዘንድ ምን ያህል ነውር እንደ ሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃልና መንገድ ለቀቀላቸው። በሁለቱ ባለሙያዎች መካከል አልፈው ወደ ግራና መኪና ሄዱ። አልተራገሙም። አልመረቁምም። በጋራዡ ያን ሁሉ ለፍተን ያላስተማርናቸውን የእናንተ ቆርቆሮ በአንድ ንባብ አስተማራቸው።

አንደኛው ልጅ መዳፉን ሳያጥፍ ወደ እኔ ዞሮ «አጎቴ፣ ቅር ብሏቸዋል እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው አልሁት፤ እንደ ግብዓት ወስጄዋለሁ።